በመስኮቱ ሥር የተኛው ሸክላ

ጋሽ ሸክላ ዓርብ ጠዋት በገዛ ክፍላቸው ወለል ላይ ሞተው ተገኙ። ያገኛቸው የድሮ ወዳጃቸው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ከከተማ ከተማ እየዞረ መለከት ሲነፋ ኖሮ፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እዚህ ሰፈር ከገባ ሁለት ዓመት የሆነው ሽማግሌ። እንደ ልማዱ ሻይ ሊጠጣ መጣ፣ አንኳኳ፣ መልስ ሲያጣ በሩን ገፋ አደረገው። አልተቆለፈም። ከዚያ በኋላ ደረጃውን በየት በኩል እንደወረደ ዛሬም ድረስ አያውቀውም።

መርማሪዋ ስትደርስ ሳጅኑ ደጃፉ ላይ እየጠበቃት ነበር።

“ነገሩ ያለቀለት ነው፣ አለቃዬ” አላት። “ከመሰላል ወድቀው ነው። መሰላሉም እዚያው ነው፣ እሳቸውም እዚያው ናቸው።”

እሷ አልመለሰችለትም። ጣቢያ ውስጥ “ዝምታ” የሚሏት ያለ ነገር አይደለም። አንድ ክፍል ስትገባ ክፍሉ ራሱ እስኪናገር ትጠብቃለች ይሏታል፤ ሳጅኑ ደግሞ “ክፍሉ ካልተናገረ እዚያው ታድራለች” ብሎ ይቀልዳል።

ክፍሉ ውስጥ መግባት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ እንደመግባት ነበር። አራቱም ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ነው፤ መደርደሪያው ላይ የዘፈን ሸክላ ብቻ። ሺዎች ናቸው። ሁሉም ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ትልቁ ከትልቁ፣ ትንሹ ከትንሹ ጋር። ወፍራም መጋረጃ ብርሃኑን ውጭ አስቀርቶታል። ጋሽ ሸክላ ጡረታ እስኪወጡ የሬዲዮ ጣቢያ የሸክላ ክፍል ኃላፊ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው የእናት የአባቱን ሸክላ አምጥቶ አደራ ይሰጣቸዋል፤ እሳቸውም ያለ አንዳች ክፍያ ይጠብቁለታል።

ሰውዬው በጀርባቸው ተጋድመዋል። ነጠላ ጫማቸው ከሁለቱም እግራቸው አልወለቀም። መሰላሉ በአጠገባቸው ወድቋል። ደሙ ያለው ግን የታችኛው መደርደሪያ የብረት ማዕዘን ላይ፣ ከጉልበት በማይበልጥ ከፍታ ነው።

“ከመሰላል የወደቀ ሰው ነጠላ ጫማው ይከተለዋል እንዴ?” አለች መርማሪዋ።

ሳጅኑ የሟቹን እግር ተጠግቶ አየ። ሬሳውን የሚመረምረው ሐኪምም ጎንበስ እንዳለ የሟቹን ቀኝ አንጓ አሳያት፤ አራት ጣት ያረፈበት ሰንበር አለው።

“የሆነ ሰው አጥብቆ ይዟቸው ነበር” አለ። “ሰዓቱን አትጠይቂኝ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ወይም ወደ ማታው ነው፤ ከዚያ በላይ ብናገር ውሸት ይሆንብኛል።”

በምዕራብ በኩል ካለው መስኮት ላይ መጋረጃው ወደ ጎን ተገፍቷል። ከመስኮቱ ሥር ጥቁር ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሸክላ ያለ ሽፋኑ ተኝቷል፤ ዳር ዳሩ እንደ ደረቀ ቅጠል ወጣ ገባ ብሏል።

መለከተኛው ሽማግሌ ከደጅ ሆኖ ያን ሲያይ እስከዚያ ድረስ አፍኖት የነበረው ለቅሶ ገነፈለ።

“ማነው ያስተኛው?” አለ። “በዚህ ቤት ሸክላ አይተኛም!”

*

ሻይ ቤት ወስዳው በርጋታ አናገረችው።

“ሸክላ እንደ መጽሐፍ ቆሞ ነው የሚቀመጠው፣ ልጄ” አለ መለከተኛው። “አንዱን ባንዱ ላይ ብትቆልዪው የላይኛው ክብደት የታችኛውን ያጎብጠዋል። አዘንብለሽ ብታቆሚውም ይጣመማል። በጣም አጠጋግተሽ ብታጨናንቂው ይላላጣል፤ ካሳሳሽው ይጋደማል። ጠላቱ ደግሞ ሙቀት ነው። ፀሐይ ካረፈበት አለቀለት። ወዳጄ ይህን እየነገረኝ አርባ ዓመት ኖሯል። ሸክላ ፀሐይ ላይ ሊተው? ምን ቆርጦት!”

“ይኼኛውን ሸክላ ያውቁታል?”

በጨርቅ ጠቅልላ የያዘችውን ገልጣ መሐል ላይ ያለውን ክብ ወረቀት አሳየችው። ሽማግሌው አፍንጫውን እስኪነካው አስጠግቶ አነበበ።

“የኛ ባንድ ነው። መለከቱን የነፋሁት እኔ ነኝ። አንዲት ልጅ ነበረች። ስትዘፍን ከንፈሯ ብዙም አይንቀሳቀስም፤ ድምፁ ከሌላ ክፍል የሚመጣ ይመስልሻል። ይህን አንድ ሸክላ ዘፈነችና ገና ሳይሰራጭ አገባች። ሰውዬው መድረክ አይወድም አሉ። ከዚያ ወዲያ የት እንደገባች አላወቅኩም።”

“ሌላ ቅጂ ይኖር ይሆን?”

“የታተሙት ጥቂት ቅጂዎች እሷ ዘንድ ነበሩ፤ እነሱም ተሰባበሩ ብለውኛል። ወዳጄ ጋ አንድ እንዳለ ግን ነግሮኝ አያውቅም። ለእኔም!”

የመጨረሻዋን ቃል የተናገረው እንደተቀየመ ሰው ነበር።

*

ከጋሽ ሸክላ ክፍል ቀጥታ ሥር የልብስ ሰፊው ሱቅ አለ። ልብስ ሰፊው ስልሳ ያለፈው ቀጭን ሰው ነው፤ መነጽሩን በክር አስሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል፤ ሜትሩን ደግሞ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎታል። ሚስቱ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው፣ ብቻውን ይኖራል። መርማሪዋንና ሳጅኑን ወንበር ጠርጎ አስቀመጣቸው።

“ከጋሽ ሸክላ ጋር ሃያ ዓመት ተጎራብተናል” አለ። “ክፉ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። ትናንት እንኳ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ዘፈን ከፍተው ነበር።”

“አስራ አንድ ለመሆኑ እርግጠኛ ነዎት?”

“ደንበኛ ነበረችኛ! ቀሚስ እየለካኋት። ‘ስሚ፣ ጋሽ ሸክላ እያጫወቱ ነው’ አልኳት። ቀስ ያለ፣ የሴት ድምፅ ነው፣ መሐል ላይ መለከት ይገባበታል። ከዚያ ደንበኛዬን ስሸኝ፣ አስራ አንድ ተኩል ላይ መሆኑ ነው፣ ያ ሸክላ የሚሰበስበው ሰውዬ ወደ ላይ ሲወጣ አየሁት።”

“ከዚያ በፊትስ እርስዎ የት ነበሩ?”

“ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ጨርቅ ገበያ ነኝ። አስር ተኩል ላይ ተመለስኩ።”

ሳጅኑ ጻፈ። ደንበኛዋንም አገኟት፤ ክብ ፊት ያላት፣ ለልጇ ምርቃት ቀሚስ የምታሰፋ ሴት ናት። “አዎ፣ ‘ስሚ’ ብሎኛል” አለች። “የስፌት መኪናው እየጮኸ ነበር እንጂ… የሰማሁ መሰለኝ። ሰምቼ ይሆናል። እሱ ሲል ሰማሁ።”

የቀረው ለሳጅኑ ቀላል ነበር። በአስራ አንድ ሰዓት ሰውዬው በሕይወት ነበሩ፤ በአስራ አንድ ተኩል ሰብሳቢው ወጣ። ሰብሳቢው ረቡዕ ዕለት አንድ የሚፈልገውን ሸክላ ጋሽ ሸክላ “የሰው አደራ ነው” ብለው ስለከለከሉት ደረጃው ላይ ቆሞ ሲጮህ ግማሽ ሰፈር ሰምቶታል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ እጁን ያዙት።

*

“አንኳኳሁ፣ መልስ አጣሁ፣ ሄድኩ” አለ ሰብሳቢው። ደህና የለበሰ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ፊቱ አመድ የመሰለ ሰው ነው። “ይቅርታ ልጠይቃቸው ነበር የሄድኩት። ሚስቴ ናት ‘ሽማግሌ ላይ ጮኸህ አትደር’ ያለችኝ።”

“ዘፈን ሰምተዋል?”

“ምንም። ጸጥ ያለ ነበር።”

ሳጅኑ ፈገግ አለ። መርማሪዋ ግን ጨርቁን ፈትታ የተጣመመውን ሸክላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ሰውዬው ጣቱን ሳያሳርፍበት ጠርዙን በሁለት መዳፉ ይዞ አነሳው።

“ምን ዓይነት አረመኔ ነው?” አለ። ወዲያው ቀና ብሎ፣ “ሽፋኑስ?”

“የለም። ተወስዷል።”

“ሽፋኑን ወስዶ ሸክላውን ተወው?” ሰብሳቢው የታሰረ መሆኑን ሁሉ ረሳ። “እመቤቴ፣ ይህንን ያደረገው ሸክላ ፈልጎ የመጣ ሰው አይደለም። እኔ ብሰርቅ ሁለቱንም እሰርቃለሁ። አንዱን ተው ብባል ካርቶኑን ነው የምተወው። ካርቶኑ ላይ ምን አለ? ፎቶ!”

መርማሪዋ ሸክላውን መልሳ ጠቀለለችው።

“ሞኝ አይደለም” አለ ሳጅኑ ወጥተው ኮሪደር ላይ ሲቆሙ። “ታሪክ ሲፈጥር ዐይኑን አያሽም።”

“ፎቶ” አለች መርማሪዋ ለራሷ።

*

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጋሽ ሸክላ ክፍል ወንበር ስባ ተቀመጠች። መለከተኛውን አስጠርታዋለች። የመስኮቱ መጋረጃ እንደተገፋ ነው።

“አንድ የማይረባ ሸክላ ይፈልጉልኝ” አለችው።

“የማይረባ ሸክላ የለም” አለ ሽማግሌው። ከብዙ ማጉረምረም በኋላ ግን አንድ ጥርስ የነካው የሚመስል፣ ፊቱ ሁሉ የተጫጫረ ሸክላ ፈልጎ አመጣ። “ይቺ ከእንግዲህ አትዘፍንም። እሷም ቢሆን ታሳዝነኛለች።” ጠረጴዛው ላይ አስተኛላት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ መስኮቱን አገኘች። መጀመሪያ የጠረጴዛውን ጥግ ነካች። ከዚያ እንደ ድመት ቀስ ብላ እየተሳበች ወደ ሸክላው መጣች። ክፍሉ ውስጥ የሚንሳፈፈው ብናኝ ወርቃማ ሆነ። መርማሪዋ ዐይኖቿ ሳይከደኑ ያንቀላፋች መሰላት፤ መደርደሪያው ላይ የቆሙት ድምፆች ሁሉ፣ የማታውቃቸው ሰዎች እናቶችና አያቶች፣ ትንፋሻቸውን ይዘው አብረዋት የሚጠብቁ መሰላት። ሽማግሌው አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ በአፍንጫው አንድ ዜማ ያንጎራጉራል።

አስር ተኩል ላይ የሸክላው ዳር ከጠረጴዛው ተነስቶ ነበር። ለአስራ አንድ ሩብ ሲጎድል ፀሐይዋ ከፊት ለፊቱ ፎቅ ጀርባ ገባችና ክፍሉ እንደገና ቀዘቀዘ።

“ያጫውቱት” አለች።

መለከተኛው ማጫወቻው ላይ አኖረውና መርፌውን አሳረፈ። መርፌው ወጣ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣና ተንሸራቶ ከዳር ወደቀ። በድጋሚ ሞከረ። ያው ነው።

መርማሪዋ ተነስታ መስኮቱ አጠገብ ቆመች። ፀሐይ ይህን ጠረጴዛ የምታገኘው ከዘጠኝ እስከ አስራ አንድ ገደማ ብቻ ነው። ሐሙስ ዕለት ያ ሸክላ የተጣመመው በዚያ ጊዜ ከሆነ፣ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ማንም ሊያጫውተው አይችልም።

“ዘፈኑ በሬዲዮ ወጥቶ ያውቃል?” አለች።

“ልጄ፣ ከኔና ከሟቹ በቀር መኖሩን የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም።”

“ልብስ ሰፊው ግን ያውቀዋል። የሴት ድምፅ ነው፣ መለከት ይገባበታል አለኝ።”

ሽማግሌው ማጫወቻውን አጠፋ።

“ዘፈኑን መስማቱን ሰምቷል” አለች መርማሪዋ። “ሰዓቱን ነው የቀየረው።”

*

ጨርቅ ነጋዴው ትዝታ ማገላበጥ አላስፈለገውም። “ሐሙስ? አልመጣም። ያዘዘውን ቆርጬ እስክዘጋ ጠበቅኩት፣ ቀረ። በሃያ ዓመት የመጀመሪያው ነው። ታሞ ይሆን ብዬ ላየው እያሰብኩ ነበር።”

ሱቁ ሊደርሱ ሲሉ ሳጅኑ፣ “ምን አጣላቸው ታዲያ?” አለ። “ስለ ሸክላ ምንም የማያውቅ ሰው ነው።”

“ስለ ሸክላ ምንም ስለማያውቅ ነው ፀሐይ ላይ የተወው።”

ልብስ ሰፊው መኪናው ላይ አጎንብሶ ነበር። ቀና ብሎ አያቸው፤ መርማሪዋ ብቻዋን ገብታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ሳጅኑ ደጅ ቀረ።

“ባለቤትዎ ዘፋኝ ነበሩ?” አለችው።

እግሩ ከመኪናው መርገጫ ላይ ወረደ። መነጽሩን አወለቀ። ለመካድ ሞክሮ ቢሆን ኖሮ ለመርማሪዋ ይቀላት ነበር፤ እሱ ግን ብድግ ብሎ ከወረቀት ልኮቹ ክምር ሥር አንድ አራት ማዕዘን ካርቶን አወጣና ጭኗ ላይ አኖረላት። ከካርቶኑ ላይ ሃያ ዓመት የማይሞላት ልጅ፣ ካሜራውን ሳይሆን ከካሜራው ጎን ያለ አንድ ነገር እያየች፣ ሳትስቅ ሳቅ ሳቅ ትላለች።

“ሰባት ነበሩ” አለ። “በተጋባን ሳምንት አንድ በአንድ ሰበርኳቸው። ወጣት ነበርኩ፣ ቅናት ዐይኔን ጋርዶት ነበር። አላለቀሰችም። ስባሪውን ጠርጋ ጣለችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ልብስ ስታጥብ እንኳ አታንጎራጉርም። ልጃችንን ስታስተኛ አታንጎራጉርም። ይቅር ብላኛለች ብዬ ኖርኩ። ስምንተኛ እንዳለ አላውቅም ነበር።”

“ሐሙስ ምን ሆነ?”

“እግሬን አሞኝ ከገበያ ቀረሁ። ሱቁን ዘግቼ ከመጋረጃው ጀርባ ጋደም አልኩ። እንቅልፍ ወሰደኝ።” ጣሪያውን አየ። “ስትዘፍን ሰማኋት። ህልም መሰለኝ፣ እንዳያልቅብኝ ዐይኔን አልገለጥኩም። በኋላ ግን ነቅቼም ድምፁ አለ። ከላይ ነው። ስምንት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ጋሽ ሸክላ ሸክላውን ወደ ሽፋኑ እየመለሱ ነበር። በዓመት አንድ ሐሙስ፣ እኔ ሳልኖር፣ ደህንነቱን ለማየት ያጫውቱታል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ። ራሳቸው ነገሩኝ። እዚህ ቤት የገባን ሰሞን እሷ ራሷ ሰጥታቸዋለች። እዚሁ፣ ከራሴ በላይ!”

“ቀሟቸው?”

“ከእጃቸው ነጠቅኳቸው። ፊቷን ማየት ፈለግኩ፣ ክፍሉ ጨለማ ነው፣ መጋረጃውን ገፋሁ። ሸክላውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። እሳቸው፣ ‘ከመስኮቱ አንሳው፣ ፀሐይ ይመጣበታል!’ እያሉ ተንደረደሩ። ‘የኔ ነው፣ ሚስቴ ናት’ አልኳቸው። ‘ለልጄ እንጂ ለሱ እንዳይሰጡት ብላኛለች’ አሉኝ። ያን ጊዜ… እጃቸውን ይዤ ገፈተርኳቸው። እሳቸውን መግደል አስቤ አይደለም። ያችን ቃል ከፊቴ መግፋት ነበር የፈለግኩት።”

ውጭ ሳጅኑ ሲስል ይሰማል።

“መሰላሉን አመጣሁ። በሩን ዘጋሁ። ደንበኛዬ ስትመጣ ያቺን ውሸት ተናገርኩ። ሌላ ሰው ይታሰርበታል ብዬ ግን አላሰብኩም፤ ሰውዬው ሲወጣ ማየቴን ስነግራችሁ እንኳ ምን እያደረግኩ እንደሆነ በደንብ አልገባኝም። ሁለት ሌሊት አልተኛሁም።”

“ሸክላውን ለምን ተዉት?”

“ዐይኔ ፊቷ ላይ ነበር። ረሳሁት።” ድንገት እንደ ልጅ ቀና አለ። “እናንተ ጋ ነው አይደል? አንዴ ብቻ፣ ከመሄዴ በፊት…”

መርማሪዋ ይህን ጥያቄ ፈርታው ነበር የመጣችው።

“ሁለት ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ቆይቷል” አለች። “ተጣሟል።”

“አይዘፍንም?”

“መርፌው አይረጋበትም። አይዘፍንም።”

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከትከሻው አወረደ፣ በጥንቃቄ ጠቀለለው፣ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ከዚያ ሁለት እጁን ዘርግቶ ሰጣት።

*

ሰብሳቢው በዚያው ቀን ተለቀቀ። ሳጅኑ ራሱ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀው።

ከአራት ወር በኋላ መለከተኛው መርማሪዋን አስጠራት። ሸክላቸውን አደራ የሰጡት የሰፈሩ ሰዎች ተማክረው ክፍሉን እሱ እንዲጠብቀው አድርገዋል። አብራው አንዲት ሴት ተቀምጣለች፤ ከሌላ ከተማ የመጣች ነርስ፣ የልብስ ሰፊው ልጅ። አባቷን እስር ቤት ሄዳ አላየችውም፤ ስለ እናቷ ድምፅም ከፖሊስ ደብዳቤ በፊት ሰምታ አታውቅም።

“ሁለት ወፍራም መስታወት መሐል አድርጌ፣ ከላይ ክብደት ጭኜ፣ ቀን ለብ እያደረግኩ ማታ እያቀዘቀዝኩ ነው የከረምኩት” አለ መለከተኛው። “ቸኩዬ ቢሆን ይሰነጠቅ ነበር። ዳሩ አልዳነም። መሐሉ ግን…”

መርፌውን መጀመሪያው ላይ ሳይሆን ከመሐል አሳረፈው። ጥቂት ተንጫጫ። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ ሸክላው ሲዞር ከፍ ዝቅ እያለ፣ ውሃ ላይ እንደሚሄድ ሰው እየተወዛወዘ። መለከቱ ገባ። ሽማግሌው የወጣትነቱን ትንፋሽ ሲሰማ ዐይኑን ጨፈነ። ነርሷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ አልተነቃነቀችም።

ሁለት ደቂቃ አይሞላም። አለቀ።

“እናቴ ናት” አለች ነርሷ፤ ማንም አልጠየቃትም።

መለከተኛው ሸክላውን አዲስ ሽፋን ውስጥ ከትቶ አቀበላት። “ያንቺ ነው። ላንቺ ብላ ነው የሰጠችው።”

ተቀበለችው። ደረቷ ላይ አስጠግታ ለረጅም ጊዜ ያዘችው፤ ከዚያ መለሰችለት።

“እዚሁ ይቀመጥ” አለች። “አባቴ ሲፈታ ይምጣና ይስማው።”

ሽማግሌው መርማሪዋን አየ፣ መርማሪዋ ወለሉን አየች።

“እናትሽ ለሱ እንዳይሰጥ ብላ ነበር፣ ልጄ” አለ በቀስታ።

“ለኔ ከሆነ የሚሰማውን ሰው የምመርጠው እኔ ነኝ” አለች ነርሷ። ፊቷን ጠረገች። “ሰላሳ ዓመት አብሯት ኖሮ አንዴ ብቻ ነው የሰማት። እሱንም በእንቅልፍ ልቡ።”